አጥንትዎ መሳሳት ጀምሯል ከተባሉ፦ ከዴክሳ ውጤት እስከ ሳምንታዊው ክኒን፣ በቅደም ተከተል

«አጥንትሽ ሳስቷል» ተብላ ከሐኪም ቤት የወጣች የ50 ዓመት ሴት አብዛኛውን ጊዜ ፋርማሲ ገብታ ካልሲየም ትገዛለች፣ ነገሩም በዚያው ያልቃል። ከሁለት ዓመት በኋላ ስትለካ ቁጥሩ ይበልጥ ወርዶ ታገኘዋለች። ጥፋቱ የካልሲየሙ አይደለም። ውጤቱ በትክክል አልተነበበም፣ አጥንቱን የሚጎዳው ምክንያት አልተፈለገም፣ ጡንቻና አጥንት ሸክም አልቀመሱም፣ የታዘዘው ክኒንም ከቡና ጋር ተውጧል።

መመሪያው ከ45 እስከ 65 ዓመት ለሆኑ ሴቶችና ወንዶች ነው። ደረጃዎቹን በተጻፉበት ቅደም ተከተል ይሂዱባቸው። በተለይ 1ኛውንና 2ኛውን ሳይጨርሱ መድኃኒት ወደሚለው አይዝለሉ።

ከመጀመርዎ በፊት፦ ቀጠሮ የማይጠብቁ ምልክቶች

ከቆሙበት ወድቀው ብቻ የእጅ አንጓ፣ የክንድ ወይም የዳሌ አጥንት ከተሰበረ፣ ድንገት ጀርባዎን እንደሚወጋ ሕመም ከያዘዎት፣ ወይም ቁመትዎ ከወጣትነቱ በ4 ሴንቲ ሜትር ካጠረ ቶሎ ይመርመሩ። የአከርካሪ አጥንት ሳይታወቅ ሊሰበር ይችላል፤ ብዙ ሰው «ብርድ መታኝ» እያለ ያልፈዋል።

የጀርባው ሕመም ከትኩሳት፣ ከሌሊት ላብ ወይም ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ ደግሞ መሳሳት ነው ብለው አይደምድሙ። የአከርካሪ ቲቢም አጥንቱን ያፈርሰዋል፤ ሕክምናው ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። እግር መስነፍ ወይም ሽንት መቆጣጠር አለመቻል ከታየ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ደረጃ 1፦ በትክክል ይለኩ፣ ወረቀቱንም ራስዎ ያንብቡ

የአጥንት ጥግግት የሚለካው ዴክሳ በሚባል አነስተኛ ጨረር በሚጠቀም መሣሪያ ነው። መርፌ የለውም፣ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይፈጃል።

ዝግጅት፦

1. ከምርመራው በፊት ባሉት 24 ሰዓታት የካልሲየም ክኒን አይውሰዱ። ያልሟሟ ክኒን ከወገብ አጥንት ጋር ተደርቦ ሊታይ ይችላል።
2. ባሪየም ጠጥተው ወይም ቀለም ተወግተው ራጅ ወይም ሲቲ ስካን ከተነሱ ለባለሙያው ይንገሩና ቀጠሮውን በሁለት ሳምንት ያርቁት።
3. ዚፕ፣ የብረት ቁልፍ ወይም ብረት ያለው ጡት መያዣ የሌለበት ልብስ ይልበሱ።
4. እርግዝና የሚጠረጠር ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ።
5. ወገብም ዳሌም መለካታቸውን ያረጋግጡ። አንዱ ብቻ ተለክቶ ወረቀት ከተሰጠዎት ምክንያቱን ይጠይቁ።

ተረከዝን በአልትራሳውንድ የሚለካው ትንሽ መሣሪያ ፍንጭ ይሰጣል እንጂ በሽታውን አይወስንም። ተራ ራጅም አጥንቱ አንድ ሦስተኛ ያህሉን ካላጣ በቀር መሳሳቱን በግልጽ አያሳይም። «በራጅ ታየ» ወይም «በራጅ አልታየም» የሚለው ቃል ብቻውን አያስደነግጥዎት፣ አያረጋጋዎትም።

ሲያነቡ «ቲ-ስኮር» የሚለውን ይፈልጉ። የእርስዎ አጥንት ከጤናማ ወጣት አማካይ ምን ያህል እንደራቀ የሚናገረው ቁጥር ይህ ነው።

- −1.0 እና ከዚያ በላይ፦ ጤናማ
- በ−1.0 እና በ−2.5 መካከል፦ ዝቅተኛ ጥግግት (ኦስቲዮፔኒያ)
- −2.5 እና ከዚያ በታች፦ የአጥንት መሳሳት (ኦስቲዮፖሮሲስ)

ወገብ −1.2፣ ዳሌ −2.6 ከሆነ የሚያዘው −2.6 ነው፤ አማካይ አይወሰድም። የወር አበባዋ ገና ያልተቋረጠ ሴትና ከ50 ዓመት በታች የሆነ ወንድ የሚያዩት «ዜድ-ስኮር»ን ነው። እሱ −2.0 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ከዕድሜ እኩያ በታች ነዎትና ምክንያቱ በደንብ ይፈለግ።

በካሬ ሴንቲ ሜትር ግራም ተብሎ የተጻፈውን ጥግግትና የመሣሪያውን ስም ደብተር ላይ ይገልብጡ። በደረጃ 8 ያስፈልጋሉ።

*ቁጥሩ ሊያታልል የሚችልባቸው ጊዜያት።* የወገቡ ቁጥር ከዳሌው በጣም ከበለጠ ወገብ ላይ የመገጣጠሚያ ብግነት ያወጣው ተጨማሪ አጥንት ወይም የተጨፈለቀ አከርካሪ ሊኖር ይችላል፤ ሁለቱም ጥግግቱን በሐሰት ከፍ ያደርጉታል። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውሃ እየጠጡ ያደጉና ጥርሳቸው ከልጅነት ጀምሮ ቡናማ የሆነ ሰዎችም ይህን ለሐኪማቸው ይናገሩ። ፍሎራይድ አጥንትን በመሣሪያው ፊት ወፍራም ያስመስለዋል፤ ጥንካሬው ግን የዚያን ያህል አይደለም።

*ዴክሳ በአካባቢዎ ከሌለ።* ከደረጃ 2 እስከ 6 ያለው ሁሉ ያለ መሣሪያ ይሠራል፣ ይጀምሩት። በቀላል አወዳደቅ ዳሌው ወይም አከርካሪው የተሰበረ ሰው ደግሞ ሌላ ምክንያት እስካልተገኘ ድረስ ሕክምና ለመጀመር ቁጥር መጠበቅ የለበትም።

ደረጃ 2፦ አጥንቱን የሚበላውን ይፈልጉ

ይህ ደረጃ በብዛት ይዘለላል። ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ መርፌውንም ጨምሮ፣ በፌስታል ይዘው ይሂዱና የሚከተሉት እንዳሉበት ሐኪሙ ይይ።

- ፕሬድኒሶሎን ወይም ሌላ ስቴሮይድ፣ በቀን 5 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ከ3 ወር በላይ ሲወሰድ
- ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይን፣ ካርባማዜፒን
- በኤች.አይ.ቪ መድኃኒት ውስጥ ያለው ቴኖፎቪር
- ለእንቅርት የሚሰጠው ሌቮታይሮክሲን፣ መጠኑ ከሚገባው ሲበልጥ
- ከጡት ካንሰር በኋላ የሚወሰዱት ሌትሮዞልና አናስትሮዞል፣ ለፕሮስቴት ካንሰር የሚሰጠው ሆርሞን አጥፊ መርፌ
- ለዓመታት የተወሰደ ኦሜፕራዞል
- በየ3 ወሩ የሚሰጠው የወሊድ መከላከያ መርፌ (ሲቆም አጥንቱ በአብዛኛው ይመለሳል)

ማስጠንቀቂያ፦ ስሙን እዚህ ስላዩት ብቻ አንዱንም በራስዎ አያቋርጡ። ስቴሮይድን ድንገት ማቆም ሕይወትን ለአደጋ ይጥላል፤ የኤች.አይ.ቪ መድኃኒትን ማቋረጥም እንዲሁ። መጠን የሚቀንሰው ወይም መድኃኒት የሚለውጠው ያዘዘው ሐኪም ነው።

እነዚህንም ይናገሩ፦ የወር አበባ ከ45 ዓመት በፊት መቋረጡን፣ እናት ወይም አባት ዳሌያቸው ተሰብሮ እንደሆነ፣ ሲጋራ፣ በየቀኑ የሚጠጣ መጠጥ፣ ከመጠን በላይ መቅጠንን፣ ስኳርን፣ የኩላሊት በሽታን፣ የማይለቅ ተቅማጥን።

ከዚያ የደም ምርመራ ይጠይቁ፦ ካልሲየም፣ ፎስፌት፣ አልካላይን ፎስፋቴዝ፣ የኩላሊትና የጉበት ሥራ፣ ሙሉ የደም ቆጠራ፣ የደም ዝቅጠት (ኢ.ኤስ.አር)፣ የታይሮይድ ሆርሞን (ቲ.ኤስ.ኤች) እና አቅም ከፈቀደ ቫይታሚን ዲ። ወንድ ከሆኑ ቴስቶስትሮን ይጨመር። ካልሲየሙ ከፍ ካለ የደም ካልሲየምን የሚቆጣጠረው የፓራታይሮይድ ሆርሞን ይታይ፤ ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስም የካልሲየም ክኒን አይዋጡ። ደም ማነስና ከፍተኛ ዝቅጠት አብረው ከታዩ ሐኪሙ የደም ካንሰር ዓይነት የሆነውን ማይሎማን ማጣራት አለበት።

ደረጃ 3፦ ካልሲየምን ይቁጠሩ፣ የጎደለውን ብቻ ይሙሉ

ከ51 ዓመት በላይ የሆነች ሴት በቀን 1200 ሚሊ ግራም ያስፈልጋታል። ከዚያ በታች ላለች ሴትና እስከ 70 ዓመት ላለ ወንድ 1000 ይበቃል። ከ50 ዓመት በላይ ምግብና ክኒን ተደምረው ከ2000 እንዳያልፉ።

ለሦስት ቀን የበሉትን ይጻፉ፦ አንድ የፍስክ ቀን፣ አንድ የጾም ቀን፣ አንድ የእረፍት ቀን። ከዚያ በሚከተለው ግምት ያስሉ።

- አንድ የውሃ ብርጭቆ (240 ሚሊ ሊትር) ወተት ወይም እርጎ፦ 300 ሚሊ ግራም ገደማ
- አንድ ሙሉ የንጹሕ ጤፍ እንጀራ (300 ግራም ገደማ)፦ 150–200
- አንድ ብርጭቆ የተቀቀለ የሐበሻ ጎመን፦ 150 ብለው ይያዙ
- አንድ የሾርባ ማንኪያ ያልተፈተገ ሰሊጥ፦ 80–90፣ ግን ግማሹን ብቻ ይቁጠሩ
- አንድ ብርጭቆ የተቀቀለ ሽምብራ፦ 80
- ከነአጥንቱ የሚበላ አንድ ቆርቆሮ ሰርዲን፦ 350 ገደማ

እዚህ ላይ ሰው የሚስታቸው ነገሮች አሉ። ቆስጣ ከጎመን ጋር አንድ አይደለም፤ ካልሲየሙ ኦክሳሌት ከሚባል ነገር ጋር ስለሚታሰር ሰውነት የሚያገኘው ጥቂቱን ነው። ለአጥንት ብለው ቅጠል የሚገዙ ከሆነ ጎመን ይግዙ። የሰሊጡም ግማሽ የሚቆጠረው በገለባው ውስጥ ባለው ኦክሳሌት ምክንያት ነው። አይብ ወተት ስለሆነ ብቻ ይበቃል ማለት አይደለም፣ ሲነጠር አብዛኛው ካልሲየም ከአጓቱ ጋር ይፈሳል። አሬራ ከአይብ ይሻላል። ቅቤ ምንም የለውም ማለት ይቻላል። እንጀራው ከሩዝ ወይም ከስንዴ ጋር የተቀላቀለ ከሆነ ቁጥሩን በደንብ ይቀንሱት። በእርሾ በደንብ የቦካ ሊጥ ደግሞ ካልሲየምንና ብረትን የሚያስረውን ፋይቴት ይቀንሳል፤ በአንድ ቀን ተቸኩሎ ከሚጋገረው ይልቅ ሁለት ሦስት ቀን የቆየው ለአጥንትም ይጠቅማል።

*የጾም ቀን ስሌት።* ሁለት የጤፍ እንጀራ 350፣ ጎመን 150፣ ሽሮ 50፣ ሁለት ማንኪያ ሰሊጥ 80። ድምሩ 630 ነው። ለ1200 ወደ 570 ይጎድላል፣ ስለዚህ አንድ ባለ 500 ክኒን ይገባል። በፍስክ ቀን በዚህ ላይ ሁለት ብርጭቆ ወተት ቢጨመር 1230 ይሆናል፤ ክኒን አያስፈልግም። በዚህ መንገድ ክኒኑን ለጾም ቀን ብቻ ማድረግ ይቻላል። ረቡዕና ዓርብን፣ የዐቢይ ጾምን 55 ቀንና ሌሎቹን አጽዋማት የሚጾም ሰው ግን የዓመቱን ግማሽ ያህል ያለ ወተት ስለሚያሳልፍ ይህን ስሌት ችላ ሊል አይችልም።

ፕሮቲንም አይርሱ፦ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደትዎ በቀን 1 ግራም ወይም ትንሽ በለጥ ያለ። አንድ ብርጭቆ የተቀቀለ ምስር 18 ግራም ይይዛል። የኩላሊት ሕመምተኛ መጠኑን ከሐኪሙ ይጠይቅ።

ክኒን ሲገዙ፦

1. መለያውን ያንብቡ። 1250 ሚሊ ግራም ካልሲየም ካርቦኔት ማለት 500 ሚሊ ግራም ንጹሕ ካልሲየም ማለት ነው።
2. ካርቦኔትን ከምግብ ጋር ይውሰዱ። ኦሜፕራዞል የሚወስዱ ከሆነ ሲትሬት የሚባለውን ይምረጡ፤ እሱ የጨጓራ አሲድ አይፈልግም።
3. በአንድ ጊዜ ከ500–600 በላይ አይውሰዱ፤ ትርፉ በደንብ ወደ ደም አይገባም።
4. ከሌቮታይሮክሲን በ4 ሰዓት ያርቁት። ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ዶክሲሳይክሊን ወይም ብረት የሚወስዱ ከሆነ ልዩነቱን ፋርማሲስቱን ይጠይቁ።
5. ዶሉቴግራቪር የሚባለውን የኤች.አይ.ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሁለቱን በባዶ ሆድ አብሮ አይዋጥ። ወይ ዶሉቴግራቪሩን ከካልሲየሙ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ ይውሰድ፣ ወይ ሁለቱንም ከምግብ ጋር።

ሆድ ቢደርቅ መጠኑን ለሁለት ይክፈሉ፣ ውሃና ተልባ ይጨምሩ፤ ካልተስተካከለ ወደ ሲትሬት ይቀይሩ። ወተት ሆድዎን የሚነፋ ከሆነ እርጎ ይሞክሩ ወይም ወተቱን በግማሽ ብርጭቆ ከምግብ ጋር ይከፋፍሉት። የኩላሊት ጠጠር የነበረበት ሰው ክኒን ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ያማክር።

ቡና? በቀን ሁለት ሦስት ስኒ አጥንት አያጠፋም። ጨው የበዛበት ወጥ ካልሲየምን በሽንት ያስወጣልና እሱን ይቀንሱ።

ደረጃ 4፦ ቫይታሚን ዲ

ፀሐይ ባለበት አገር ስለምንኖር አይጎድለንም የሚለው ሐሳብ ብዙ ሰው ያሳስታል። ቆዳን የሚያሠራው ጨረር በመስኮት መስታወት አያልፍም፣ በነጠላና በሹራብ ሥር አይደርስም፣ ማለዳ 1 ሰዓት ላይም ደካማ ነው። መለኪያው ጥላ ነው፦ ጥላዎ ከቁመትዎ ሲያጥር ጨረሩ ይሠራል። ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ከረፋዱ እስከ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት አካባቢ ይገኛል። ክንድና እግርን ገልጦ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ በሳምንት ጥቂት ቀን ይሙቁ። ጠቆር ያለ ቆዳ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፤ ቆዳው እስኪለበልብ ግን አይቆዩ።

በሰሜን አውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ሰሜናዊ ክፍል በክረምቱ ወራት ፀሐይ ብትታይም ይህን ሥራ አትሠራም። በገልፍ አገራት ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ወይም ተሸፍነው የሚሠሩ ሴቶችም በፀሐይ አገር ሆነው ፀሐይ አያገኙም። እነዚህ ሁሉ በክኒን ይተማመኑ።

በቀን ከ800 እስከ 1000 ዩኒት ለአብዛኛው ሰው ያለ ምርመራም ይበቃል። ከተመረመሩ 25-ሃይድሮክሲ ቫይታሚን ዲ ቢያንስ 20 ናኖ ግራም በሚሊ ሊትር (50 ናኖ ሞል በሊትር) ይድረስ። ከ12 በታች ግልጽ እጥረት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ 50,000 ዩኒት የሚል ክኒን የሚወሰደው በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሐኪሙ ለወሰነው ሳምንታት ነው። በስህተት በየቀኑ የወሰደው ሰው የደም ካልሲየሙ ከመጠን በላይ ከፍ ይላል፤ ማስታወክ፣ ጥም፣ ብዙ ሽንትና ግራ መጋባት ምልክቶቹ ናቸው። ያኔ ክኒኑን አቁሞ ወዲያው ሐኪም ቤት መሄድ ነው። በዓመት አንዴ የሚሰጥ እጅግ ከፍተኛ መጠን ደግሞ መውደቅንና ስብራትን እንደሚጨምር በምርምር ታይቷል፣ አይቀበሉት። በቲቢ ሕክምና ላይ ያለ ሰው ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ደረጃ 5፦ አጥንትን ይጫኑት

አጥንት የሚጠነክረው ሲጫኑት ነው። በዝግታ መራመድ ለልብ መልካም ነው፤ ለአጥንት ግን የለመደውን መልሶ ስለሚሰጠው ለውጡ ትንሽ ነው። በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን፣ በመካከሉ አንድ ቀን እያረፉ፣ የሚከተለውን ይሥሩ። አከርካሪያቸው የተሰበረ ሰዎች በፊዚዮቴራፒስት ይጀምሩ።

ሀ. *ከወንበር መነሳት።* እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣጥፈው 10 ጊዜ ይነሱ፣ ይቀመጡ። ሁለት ዙር። ሲቀልዎት 3 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን ደረትዎ ላይ አቅፈው ይሥሩ።

ለ. *ተረከዝ መጣል።* ግድግዳ ይዘው በጣትዎ ይቁሙ፣ ከዚያ ተረከዝዎን ዱብ አድርገው ወለሉ ላይ ይጣሉ። ከ20 ጀምረው ወደ 50 ያድርሱ። የአከርካሪ ስብራት ወይም የጉልበት ሕመም ካለ ይተዉት።

ሐ. *ግድግዳ መግፋት።* አንድ እርምጃ ርቀው ቆመው፣ ክርንዎን እያጠፉ እየዘረጉ 10 ጊዜ፣ ሁለት ዙር። በኋላ ወደ ጠረጴዛ ጠርዝ ይውረዱ።

መ. *ጀርባ ማቅናት።* ሆድዎ ሥር ትራስ አድርገው በደረትዎ ይተኙ። ደረትዎን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ያንሱ፣ 5 ሰከንድ ይያዙ። 8 ጊዜ። ከሁሉ በላይ የሚረሳውና ወገብን የሚጠብቀው ይህ ነው።

ሠ. *ሸክም ይዞ መሄድ።* በሁለቱም እጅ እኩል የተሞላ ጀሪካን ይዘው 20 ሜትር፣ አራት ጊዜ። ከ3 ሊትር ይጀምሩ፤ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሆነ መጨመሩ ቀላል ነው።

ረ. *በአንድ እግር መቆም።* በየቀኑ፣ ከግድግዳ አጠገብ፣ በእያንዳንዱ እግር እስከ 30 ሰከንድ።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ድግግሞሾች ካልከበዱዎት ሸክሙ አንሷል፤ በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ሊትር ይጨምሩ። በማግስቱ ጡንቻ ቢያመዎት ጤና ነው። ሕመሙ ስል ከሆነ፣ መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ ወይም ጀርባ ላይ አንድ ነጥብ ከያዘ እንቅስቃሴውን ያቁሙ። እድገቱን በጡንቻ ይለኩ፦ እጅ ሳይጠቀሙ ከወንበር 5 ጊዜ መነሳት ከ15 ሰከንድ በላይ ከፈጀብዎት እግርዎ ደክሟል። በሁለት ሦስት ወር ይሻሻላል፤ አጥንቱ ግን ቢያንስ ዓመት ይፈልጋል።

*የሚጎዱ እንቅስቃሴዎች።* የሳሳ አከርካሪ የሚሰበረው ወደ ፊት ሲታጠፍ፣ በተለይ ከሸክም ወይም ከመጠማዘዝ ጋር ሲሆን ነው። ቲ-ስኮርዎ −2.5 እና ከዚያ በታች ከሆነ ወይም አከርካሪዎ ተሰብሮ ከነበረ፦

- በአጭር መጥረጊያ ጎንበስ ብለው አይጥረጉ፤ እጀታው ረጅም ይሁን።
- ሳፋውን ከመሬት አንሥተው ጠረጴዛ ላይ አድርገው ይጠቡ።
- 20 ሊትር ጀሪካን አያንሡ። ውሃውን በባለ 5 ይከፋፍሉት፣ ጉልበትዎን አጥፈው ከሰውነትዎ አስጠግተው ያንሡ።
- ከአልጋ ቀጥ ብለው አይነሱ፤ ወደ ጎን ይንከባለሉ፣ እግርዎን ያውርዱ፣ በእጅዎ ገፍተው ይቀመጡ።
- በሰሙነ ሕማማት የሚደረገው ተደጋጋሚ ስግደት ለእንዲህ ያለ ወገብ ከባድ ነው። ከንስሐ አባትዎ ጋር ተነጋግረው ቆመው ራስዎን ዝቅ በማድረግ ይተኩት።

ደረጃ 6፦ የሚጥልዎትን ከቤት ያስወግዱ

ዳሌ የሚሰበረው በአብዛኛው በመውደቅ ነው። የሚንሸራተት ምንጣፍ ሥሩ ይለጠፍ ወይም ይነሣ። ለቡና የተጎዘጎዘ ቄጠማ በለስላሳ ወለል ላይ እንደ በረዶ ያንሸራትታል፣ እንግዳ ሲሄድ ወዲያው ይጠረግ። መታጠቢያ ቤት የሚያዝ ብረትና የማያንሸራትት ምንጣፍ ያድርጉ። ተረከዝ የሌለውን ነጠላ ጫማ ለቤት ውስጥም ቢሆን ተረከዙን በሚይዝ ጫማ ይቀይሩ። መብራት ሲጠፋ ለመነሳት የእጅ ባትሪ ትራስ አጠገብ ይቀመጥ። የእንቅልፍ ክኒን ወይም ሲነሱ የሚያዞርዎት የደም ግፊት መድኃኒት ካለ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ዓይንዎንም ይመርመሩ።

ደረጃ 7፦ መድኃኒት፣ ለማን እና እንዴት

ኦስቲዮፔኒያ ያለበት ሁሉ መድኃኒት አያስፈልገውም። ቲ-ስኮሩ −2.5 እና ከዚያ በታች የሆነ፣ ወይም በቀላል አወዳደቅ ዳሌው ወይም አከርካሪው የተሰበረ ሰው ያስፈልገዋል። በመካከል ላሉት ሐኪሙ ፍራክስ በሚባለው ስሌት የ10 ዓመት የስብራት ዕድልን ይገምታል፤ በአሜሪካ የዳሌው 3 በመቶ ወይም የዋና ዋናዎቹ ስብራቶች ድምር 20 በመቶ ሲደርስ መድኃኒት ይመከራል። ከ60 ዓመት በታች ለሆነች ወይም ካረጠች 10 ዓመት ላልሞላት፣ ሙቀትና ላብ ለሚያስቸግራት ሴት የሆርሞን ሕክምናም አጥንትን ይጠብቃል፤ የጡት ካንሰር ወይም የደም መርጋት ታሪክ ላላት ግን አይሆንም።

በብዛት የሚታዘዘው አሌንድሮኔት 70 ሚሊ ግራም ነው፣ በሳምንት አንድ ክኒን። ከሚዋጠው ውስጥ ወደ ደም የሚገባው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ አወሳሰዱ ከተሳሳተ መድኃኒቱን እንዳልወሰዱት ይቁጠሩት።

ከመጀመርዎ በፊት፦ የደም ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ይስተካከሉ፣ ኩላሊት ይታይ (የማጣራት አቅሙ በደቂቃ ከ35 ሚሊ ሊትር በታች ከሆነ አይወሰድም)፣ መነቀል ያለበት ጥርስ ይነቀልና ድዱ ይዳን። የምግብ ቧንቧ መጥበብ ያለበት ወይም ለ30 ደቂቃ ቀጥ ብሎ መቀመጥ የማይችል ሰው አይውሰድ።

1. ጠዋት ሲነሱ፣ ምንም ሳይቀምሱ ይውሰዱ።
2. ከአንድ ሙሉ ብርጭቆ ተራ ውሃ ጋር ይዋጡት። ቡና፣ ሻይ፣ ወተት፣ ጁስ አይሆንም። አምቦ ውሃም አይሆንም፤ በውስጡ ያለው ማዕድን መድኃኒቱን ያስረዋል።
3. አያኝኩት፣ አይምጠጡት።
4. ለ30 ደቂቃ ይቁሙ፣ ይራመዱ ወይም ቀጥ ብለው ይቀመጡ። ተመልሰው አይተኙ፣ ጫማ ለማሰርም አይጎንበሱ።
5. ከ30 ደቂቃ በኋላ ቁርስና ሌሎች መድኃኒቶች። የካልሲየም ክኒኑን ወደ ምሳ ይግፉት።

*ቀኑን መምረጥ።* ኦርቶዶክሳዊ ከሆኑ ቅዳሜን ይምረጡ። በአጽዋማት ቅዳሜ የእህል ውሃ ጾም ስለሌለ በጠዋት ውሃ መጠጣት ችግር አይሆንም፤ እሑድ ደግሞ ሊቆርቡ ይችላሉ። ቀዳም ሥዑር ላይ ብቻ ይተዉት፣ የፋሲካ ሌሊት ተበልቶ ስለሚታደርም ሰኞ ጠዋት ይውሰዱት። ሙስሊም ከሆኑ በረመዳን ሐኪምዎን አማክረው የመግሪብ አዛን ሲሰማ በተራ ውሃ መዋጥና ተምሩንና ምግቡን በ30 ደቂቃ ማዘግየት ይቻላል።

*ከረሱት።* ባስታወሱ በማግስቱ ጠዋት አንድ ይውሰዱና ወደ መደበኛው ቀን ይመለሱ። በአንድ ቀን ሁለት ፈጽሞ አይዋጡ።

*ሲውጡ ካመመዎት፣ ደረትዎን ካቃጠለዎት።* ሁለተኛውን ክኒን አይድገሙ፣ ሐኪም ያነጋግሩ። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የውሃ ማነስ ወይም ተመልሶ መተኛት ነው፤ ካልሆነ በዓመት አንዴ በደም ሥር ወደሚሰጠው 5 ሚሊ ግራም ዞሌድሮኒክ አሲድ መቀየር ይቻላል። ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ ለሁለት ሦስት ቀን ጉንፋን የሚመስል ትኩሳትና ቁርጥማት የተለመደ ነው፤ ውሃና ፓራሲታሞል ይበቃል። ለዓመታት ከወሰዱ በኋላ ጭንዎ ወይም ብሽሽትዎ ላይ አዲስ ሕመም ከጀመረ ራጅ ይነሱ፤ አልፎ አልፎ የጭን አጥንት ይሰነጠቃል። በክኒን 5 ዓመት፣ በመርፌ 3 ዓመት ሲሞላ ይቀጥል ወይስ ይረፍ ተብሎ እንደገና ይታያል።

*ዴኖሱማብ የሚወጉ ከሆነ።* በየ6 ወሩ የሚሰጠው ይህ መርፌ ቀጠሮው ሊዘገይ አይገባም። ከመጨረሻው መርፌ 7 ወር ካለፈ ያዳነው አጥንት በፍጥነት ይጠፋል፣ ብዙ አከርካሪም በአንድ ላይ ሊሰበር ይችላል። ውጭ አገር ጀምረው ወደ ኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ የሚመለሱ ከሆነ መርፌው በሚኖሩበት ከተማ መኖሩን ከመነሳትዎ በፊት ያረጋግጡ። ከሌለ ወደ ሌላ መድኃኒት የመሸጋገሪያውን ዕቅድ ሐኪምዎ በጽሑፍ ይስጥዎት።

ደረጃ 8፦ ዳግም መለካት

ከ1 እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይለኩ፤ ከዚያ ቀድሞ መለካት ገንዘብ ማባከን ነው። እዚያው ቦታ፣ በዚያው መሣሪያ ይሁን፤ የአንዱ መሣሪያ ቁጥር ከሌላው ጋር አይነጻጸርም። ቲ-ስኮሩን ሳይሆን በደረጃ 1 የገለበጡትን የግራም ቁጥር ያወዳድሩ። ከ3 በመቶ በታች የሆነ ልዩነት የመለኪያው ስህተት ሊሆን ስለሚችል አይደሰቱበት፣ አይዘኑበትም። ባለበት መቆየቱ ራሱ ውጤት ነው፤ በተለይ ከመጨረሻው የወር አበባ አንድ ዓመት በፊት እስከ ሁለት ዓመት በኋላ ባለው ጊዜ፣ አጥንት በፍጥነት የሚሄድበት ወቅት ስለሆነ።

በግልጽ ከቀነሰ ጥያቄዎቹን በዚህ ቅደም ተከተል ይጠይቁ፦ ክኒኑ ስንት ሳምንት ተረሳ? ከምን ጋር ተዋጠ? ቫይታሚን ዲው ስንት ነው? አዲስ መድኃኒት ተጀምሯል? ክብደት ቀንሷል? መልሶቹን ከሁለቱም የዴክሳ ወረቀቶች ጋር ለሐኪሙ ይዘው ይሂዱ።